የሺ ምን አለች?

ጥቅምት 9

ጠዋት የቧንቧ ውሃ መጣ። ሁለቱን በርሜል ሞላሁ፣ ጎመኑን አጠጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ክፍል የምገባ ይመስለኛል።

ሸዋነሽ ከጋፋት በባጃጅ መጣች። ሰባተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ የድንች ዘር የሚያመርቱ የሃያ ሦስት ሴቶች ቡድን ሰብሳቢ ናት። የዘር ማከማቻ ቤት ይፈልጋሉ… መደርደሪያ ያለው፣ ብርሃን የሚገባው። በጨለማ ጥግ ሲከማች ቡቃያው ነጭና ረጅም ይሆናል፤ ገና ሲነኩት ይሰበራል። ብዙውም ለዘር ሳይደርስ ይበሰብሳል። አንድ የውጭ ማኅበር፣ ባሕር ዳር ባለ አጋር ድርጅት በኩል፣ ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ቅጹን ይዛ ነው የመጣችው።

ቅጹ የሦስት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ከነተሰብሳቢው ስምና ፊርማ።

«ቃለ ጉባኤ የሚባል የለንም ጋሼ። የምንመክረው በማርያም ማኅበራችን ላይ ነው። ጠላው ሳያልቅ ወስነን እንነሣለን።»

«ማን ምን እንዳለ በምን ታውቃላችሁ?»

«ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ ነው የጠፋው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። የማኅበሩን የስም ደብተር ትታልኝ ሄደች።

ጥቅምት 11

ሦስት ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ። የሐምሌ፣ የነሐሴ፣ የመስከረም። በማስመሪያ አሰመርሁ፣ አጀንዳ ለየሁ። ደረቅ እንዳይሆን አስተያየቶችን በየስሙ አከፋፈልሁ። ስሞቹን ከደብተሩ በተራ ገለበጥሁ። ፊርማውንም… ሃያ ሦስቱንም፣ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ።

ሐሰት ነው? መክረዋል፣ ወስነዋል። ያልነበረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ለእውነት ልብስ ማልበስ ነው እንጂ…

ባለቤቴ ፈንታነሽ ከኋላዬ ቆማ አየች። «የማን ስብሰባ ነው?»

«የጋፋት ሴቶች።»

«መቼ ሄደህ ነው?»

መስመሩ እንዳይጣመም እየተጠነቀቅሁ ነው አልኋት።

ጥቅምት 13

ሸዋነሽ ሳታነበው ፈረመች። «ጋሼ የጻፉትን ማን ያርመዋል?» አለች። ተላከ።

ኅዳር 3

የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፉ! ሸዋነሽ በስልክ እልል አለች። የአቀራረቡ ጥራት ለብቻው ተመስግኗል አሉ። ደስ አለኝ። ለፈንታነሽ ሁለት ጊዜ ነገርኋት። የቀረው የመስክ ጉብኝት ነው።

ኅዳር 13

መጻፍ አልቻልሁም ነበር። አሁን ልሞክር።

ከአጋር ድርጅቱ ፋሲል የሚባል ወጣት መጣ። ትሑት፣ ጠንቃቃ፣ ወረቀቱን በሥርዓት የያዘ። ተማሪዬ ቢሆን እኮራበት ነበር። ሴቶቹ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ያለችው አንዲት ወንበር ለእኔ ተሰጠች።

ፋሲል የነሐሴውን ቃለ ጉባኤ አወጣ። «ይህን ወድጄዋለሁ» ብሎ አነበበ። «ወይዘሮ የሺ አዳነ፣ ‹ዘሩን በጨለማ ማስቀመጥ ቡቃያውን ያደክመዋል፤ ብርሃን የሚያስገባ ቤት ያስፈልገናል› ብለዋል። የሺ የትኛዋ ናት?»

እኔ ያኔ ነው የሰማሁት። ስሙን ጽፌዋለሁ፣ ፈርሜለታለሁ፣ አልሰማሁትም ነበር።

የሺ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ተማሪዬ ነበረች፤ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ነው የሞተችው። አስከሬኗም አልመጣም፣ በፎቶዋ ነው የተለቀሰው። ለቅሶው ላይ ነበርሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ በልቻለሁ! በማኅበር ደንብ የሟች ስም አይፋቅም፤ የቀረ ቤተሰብ ጽዋውን ይቀበላል፣ በሟች ስም ይደግሳል። የሺን የተኩ እናቷ ናቸው፣ እመት ጥሩወርቅ። ይህን ደንብ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

እመት ጥሩወርቅ ከኋላ ተነሡ። «እናቷ ነኝ» አሉ።

«እሷስ?»

ሸዋነሽ ቀደመች። «ዛሬ አልተመቻትም።»

እመት ጥሩወርቅ ሸዋነሽን አላዩአትም። ፋሲልን ነው ያዩት። «ምን አለች? ድገምልኝ ልጄ።»

ደገመላቸው። ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለአሮጊት እንደሚነበበው።

«ተባረክ» አሉና ተቀመጡ።

ወንበሩ ላይ ነበርሁ። አፍ ነበረኝ። ምንም አላልሁም።

ኅዳር 14

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ፈተና ኮርጆ የጎረቤቱን ስም ሳይቀር ገልብጦ የሰጠኝ። ወረቀቱን ለመምህራኑ ሁሉ አሳይቼ ስቄበታለሁ። ለዓመታት አውርቼዋለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ስም ጠርቻለሁ። የቀረን ተማሪ አንድ ቀን እንኳ «አለ» ብዬ አላውቅም። ርእሰ መምህሩ ለምነውኝ እንኳ።

ኅዳር 16

ጋፋት በእግር ሄድሁ። እመት ጥሩወርቅ ደጅ ቁጭ ብለው ከድንቹ የበሰበሰውን ይለቅማሉ። እጃቸው እስከ አንጓው ጥቁር ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ።

«ይተዉ፣ ትልቅ ሰው ነዎ።»

«ይቅር ይበሉኝ እመት። እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

«አውቃለሁ። ሌላ ማን ይጽፋል?» አንዱን ድንች አገላብጠው ጣሉት። «ክፍል ውስጥ ትናገር ነበር?»

አሰብሁ። ስም ስጠራ «አለሁ» ትል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ከዚያ በቀር… አንድ ቀን እንኳ ጥያቄ ጠይቄያት አውቃለሁ? ሦስተኛ መስመር፣ ግድግዳ ጥግ።

«አላስታውስም» አልሁ።

«ቤትም ዝምተኛ ነበረች። እዚያ ሰው ቤትም ታምሜያለሁ ሳትል ነው አሉኝ የሞተች። ያ ልጅ ‹የሺ እንዲህ አለች› ሲል… ደስ አለኝ መምህር። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። እሱ ነው የቆጠቆጠኝ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ የበሰበሰውን ለቀምሁ።

ስነሣ ለድርጅቱ እውነቱን እጽፋለሁ አልኋቸው።

«እኔን አይደለም መንገር፣ የማኅበሩን ልጆች ነው። ቤቱ የእነሱ ነው።»

ኅዳር 17

ለድርጅቱ እውነቱን ልጽፍ መሆኑን ለሸዋነሽ ነገርኋት። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ንስሐ ከፈለጉ ካህን አለ ጋሼ! እኛ የምንፈልገው ቤት ነው።»

«ውሸት ላይ የቆመ…»

«አሁን ነው ውሸት የሆነው? ሲያሰምሩት ምን ነበር? እኔም ዋሽቻለሁ። በእመት ጥሩወርቅ ፊት። የሺና እኔ አብረን ነው የሄድን፣ በአንድ አውሮፕላን። ‹አልተመቻትም› አልሁ እኮ!»

ይህን አላውቅም ነበር። አብረው መሄዳቸውን።

እውነቷን ነው። ደብዳቤውን ትናንት አርቅቄ ጨርሼ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፣ ስለ እኔ ጸጸት ሁለት ገጽ። እነሱን ሳልጠይቅ ሁለተኛ ጊዜ ልጽፍላቸው ነበር። ቀደድሁት።

ኅዳር 21

የማርያም ማኅበር ካለቀ በኋላ ሴቶቹን ለብቻ አስቀመጥኋቸው። ያደረግሁትን ቆሜ ነገርኋቸው። አንድም አላስቀረሁም፣ እስክሪብቶዎቹን ጭምር።

«የእኔንም ፈርመዋል?» አለች አንዷ።

«ፈርሜያለሁ።»

«እኔ እኮ በጣቴ ነው የምፈርም!» ሳቅ ሆነ። ሳቃቸው ከቁጣ ባሰብኝ።

ከዚያ ተነጋገሩ። ግማሾቹ ዝም ይባል አሉ። ቤቱ ከተሠራ ማን ይጎዳል? ብርቱካን፣ ባለፈው ዓመት ዘሯ ሁሉ የበሰበሰባት፣ አለቀሰች። «የእሳቸው ስህተት ለምን በእኔ ማሳ ይወጣል?»

መጨረሻ ላይ እመት ጥሩወርቅ ተናገሩ። «እኔም ቤቱን እፈልጋለሁ። ግን ልጄን ከዚያ ወረቀት አውጡልኝ። በማኅበር ትኑር፣ ለነፍሷ ነው። እዚያ ግን የሌለችበት ነው፣ ትውጣልኝ።»

መጀመሪያ ሸዋነሽ እጇን አወጣች። አንድ በአንድ እጅ ወጣ። እውነቱ ይጻፍ ያሉት አሥራ አራት። ስምንት ተቃወሙ። አንዷ እጇን አላወጣችም፣ ብርቱካን።

እጆቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። ይህኛው ቃለ ጉባኤ እውነተኛ ነው። ማስመሪያ ሳልይዝ ጉልበቴ ላይ ነው የጻፍሁት፣ መስመሩ ሁሉ ጠማማ ነው።

ኅዳር 22

ደብዳቤው ሄደ። አራት ዐረፍተ ነገር። የሸዋነሽና የእኔ ፊርማ።

ታኅሣሥ 20

መልስ መጣ። ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን ይላል። የዚህ ዙር ማመልከቻ ተሰርዟል። የሦስት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲኖራችሁ በሚቀጥለው ዙር እንደገና መወዳደር ትችላላችሁ።

ከታች ፋሲል በእጁ ጨምሯል፦ «እመት ጥሩወርቅን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። አላወቅሁም።»

እሱ ይቅርታ ጠየቀ! ምን አጠፋ? ያነበበው የጻፍሁትን ነው።

ጥር 15

ብርቱካን ገበያ ላይ አየችኝ። ዞራ በሌላ መንገድ ሄደች።

የካቲት 28

ባጃጅ አጣሁ። ምክንያት አይሆንም፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ሲሉኝ አልቀበልም ነበር። ጋፋት ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ከኅዳሩ ጋር ሦስተኛው ነው። የአዲሱ ዙር ማመልከቻ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ይሰጡን አይስጡን አይታወቅም።

ሸዋነሽ ግቢ ጣሪያው ሥር ባሕር ዛፍ አጋድመው መደርደሪያ ሠርተዋል። የስድስት ሴት ዘር ብቻ ይይዛል። እዚያ ያለው ቡቃያ አጭርና አረንጓዴ ነው። የሌሎቹ ከግማሽ በላይ በስብሷል፣ የብርቱካንም። ብርቱካን መጥታለች። ሰላም አላለችኝም። መጥታለች ግን።

ደብተሩን የያዘችው ሸዋነሽ ናት። መስመሩን ራሷ ነው ያሰመረችው፣ ትንሽ ያዘነብላል። እኔን በአማካሪነት ከስሞቹ መጨረሻ ጽፋኛለች። አጥር ሥር ቆሜ ስም ጥሪዋን ሰማሁ፤ በቡድኑ ስም ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ጥሩወርቅ በላይ።»

ማንም አልመለሰም። እመት ጥሩወርቅ ግራ ቀኝ አዩ። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ቡድን ሲቀመጡ በልጃቸው ቦታ ነበር፤ በስማቸው የጠራቸው የለም።

«እመት፣ አንቱ ነዎ እኮ!»

«እኔ? …አለሁ። አለሁ በይ።»

ሣሩ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ወንበር የሰጠኝ የለም። የመጨረሻው ስም ደረሰ።

«መምህር ይታየው።»

«አለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን፣ ሰዓቱን። «ሃያ ደቂቃ ዘግይተዋል ጋሼ።»

«ዘግይቻለሁ።»

ጻፈችው። አንገቴን አስግጌ አየሁት። ትክክል ነው።