የዘማቾችን ማሳ ያረሱት ወይዘሮ ረቢአ አደም

ወይዘሮ ረቢአ አደም ከአባታቸው ከአቶ አደም ኡመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡሜ ሰይድ በ1928 ዓ.ም. ከከሚሴ ወጣ ብሎ በጨፋ ሸለቆ ተወለዱ። ቁርአን የቀሩት በቤታቸው፣ ከአባታቸው ሥር ነው። ፊደል የቆጠሩት ግን አርባ አራት ዓመት ሲሞላቸው በመሠረተ ትምህርት ነበር።

በ1944 ዓ.ም. ከአቶ አብዱሰላም ፈረጅ ጋር ተጋብተው ሀጀራንና ሸምሱን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1969 ዓ.ም. ለሚሊሺያ ተመልምለው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ፤ በዓመቱ መርዷቸው መጣ። ከቀበሌያቸው ዐሥራ አራት አባወራዎች ሄደው የተመለሱት ሁለት ናቸው።

ሐዘኑ ሳይወጣ የገበሬ ማኅበሩ ጦም ያደረ መሬት ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሸምሱ ገና እርፍ የሚይዝ ጉልበት አልነበረውም። ለእያንዳንዷ ባልቴት የቀረላት አንድ አንድ በሬ ነበር፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ወይዘሮ ረቢአ በሬያቸውን ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ኡሚ በሬ ጋር አቀናጅተው እርፍ ጨበጡ።

ሽማግሌዎች ሴት ካረሰች ዝናብ ይቀራል ብለው ሊያስቆሟቸው ሄዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ሙሀመድኑርም አብሮ ነበር፤ ቀንበሩን ከበሬዎቹ ጫንቃ ያወረደው እሱ ነው። እሳቸው አልተቆጡም። «በሬው ሴት ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አሉና በማግሥቱ እንደገና ጠመዱ። የመጀመሪያው ትልማቸው ጠማማ ስለነበር መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ግን ዐሥራ ሁለቱም ባልቴቶች በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ አንዲቷም መሬቷን አልተነጠቀችም።

ዝናቡ የቀረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያኔም በእሳቸው ያመካኘ አልጠፋም። እሳቸው ከባልቴቶቹ ጋር በጉድጓድ ያስቀመጡትን ማሽላ እያወጡ ለሰው ያድሉ ነበር። ወንድማቸውም ልጆቹን ይዞ ከዚያ ማሽላ በልቷል።

ሸምሱ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ፤ ወሬው እስከ ዛሬ የለም። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ረቢአ ደከሙ፤ እርሻውን ግን አልተዉም። በወገብና በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥር 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ከልጃቸው ከሀጀራ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል።

በአገራችን ወግ ሟች ሲሸኝ ቤተሰብ ቆሞ ስለ ሟቹ ይቅርታ ሲለምን «አውፍ በሉ» ይላል። ወይዘሮ ረቢአ ያስቀየሙት ሰው ካለ አውፍ ይበላቸው። እኔ ወንድማቸው ግን የበደልኩት እሳቸውን ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ አፌ እንቢ ብሎኝ አውፍ በሉኝ ሳልላቸው ሄዱ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ያን ሁሉ ድካማቸውን በጀነት ያሳርፍላቸው። አሚን።