ሊቀመንበራችን ጅዳ ነው ያለው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሰዑድ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ጋሼ? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም እያመመህ ነው መኪናውን የምትነዳው? ባለቤትህ ሀያስ፣ ትንሹ ሙሀይሚንስ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማ ብቻ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ተቀምጣ ነው የምትሰግደው።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ ሁለት ቃል ሳልናገር ሦስተኛውን አንተ ትጨርስልኛለህ። ደብዳቤ አይቋረጥም ብዬ ነገ ሐጅ ለምትሄደው ለጎረቤታችን ለሀጀራ ልሰጣት ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ይኸውልህ፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችንን የሚረዳው ፕሮጀክት ከደሴ አንዲት ሴት መድቦልኛል። እናትነሽ ትባላለች። ሥራዋ እንደ እኔ ያለውን ሊቀመንበር ማብቃት ነው፤ «ኮች» ይሏታል። ወላሂ፣ አንጀቴን ነው ያሳረረችው! ምከሪኝ ስላት «አንተስ ምን ታስባለህ?» ትለኛለች። እኔ ባውቀው አንቺን ምን አስለፋሽ? የመጀመሪያው ቀን ግምገማ መስሎኝ «የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት አለብኝ፣ አርማለሁ» ብዬ ሒሴን ስውጥ በሳቅ ሞተች። «ልገመግምህ አልመጣሁም፤ ማኅበሩን ስትመራ የሚከብድህን ንገረኝ» አለችኝ።

የሚከብደኝንማ አንተም ታውቀዋለህ። ባለፈው ወር ከአባላቱ ጋር ተሰብስበን፣ ዓሣው በሚራባበት ክረምት ከደንገሉ ዳር መረብ ላንጥል ተስማማን። ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ሽታው ናቸው፤ ከአባባ ጋር በአንድ ታንኳ ያረጁት። ቆሮሶው ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው፤ እኔም አምኜበት እጄን አወጣሁ። ማታ አንተ ደወልክ። «ዓሣ የሚገዙህ ምግብ ቤቶች ወደ ሌላ ይሄዱብሃል፣ አብደሃል እንዴ?» አልከኝ። ጠዋት ሄጄ ውሳኔውን ሻርኩት። ጋሽ ሽታው መረባቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ብጠራ ማን ይምጣ! «ሊቀመንበራችን ጅዳ ነው ያለው፣ እሱ ሲመጣ ጥሩን» ይላሉ። አፈርኩ ጋሼ። ሻይ ቤት መግባት እንኳ ትቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለእናትነሽ ዘርግፌ «በይ አሁን ምን ላድርግ?» ብላት፣ «ወንድምህ ባይደውል ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ። በንዴት ጥያት ወጣሁ። ከገዛ ወንድሜ ልታጣላኝ ነው እያልኩ ሐይቁ ዳር ስብከነከን ዋልኩ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ እኮ! ክረምቱን ዳሩን እተወው ነበር። ሴትዮዋ ምንም ሳትነግረኝ በገዛ አፌ ልታናግረኝ መፈለጓ ነው እስካሁን የሚያበሽቀኝ።

አንተ ለእኛ ብለህ በሰው አገር እየነደድክ እንደሆነ አልረሳሁም። መረቡንም የገዛኸው አንተ ነህ። ግን ጅዳ ሆነህ ሐይቁን አታየውም። ባዶ መረብ የምስበው እኔ፣ ሰው ፊት የምቆመውም እኔ። ስትደውል «እሺ ጋሼ» ማለት ሰለቸኝ፣ በቃኝ! ትናንት ጋሽ ሽታው ቤት ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ስብሰባ ጠርቻለሁ፣ ይምጡልኝ ብላቸው «ስልክህን ይዘህ ከመጣህ እኔ የለሁበትም» አሉኝ። እሺ ብያለሁ።

ሀያን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሙሀይሚንን ጉንጩን ሳምልኝ። እህታችን መስኡዳ ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ሽታውም ቢቀየሙህ እንኳ ሰላም በልልኝ ብለዋል። የእማ ዱዓ አይለይህም። ቅዳሜ ስልኬን ለእሷ ትቼ ነው የምወጣው፤ ብትደውል የምታነሳው እሷ ናት። ስለ ዓሣ አትጠይቃት። ጉልበቷን ጠይቃት፤ ሁልጊዜ እኔን ብቻ አናግረህ ስለምትዘጋ ከፍቷታል።

ታናሽ ወንድምህ ሳሊሕ
ሐይቅ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.