የተፋቱት አውራ ዶሮዎች

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ምግብስ ትበያለሽ ወይስ ዛሬም ቆመሽ ዳቦ ትገምጫለሽ? ይህን እንኳ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አያትሽ እንደ ልማዷ ትጮኽብኛለች፤ ሳንባዋ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጽሕፈቱ የእሷ መሆኑ አይጠፋሽም፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አውራ ጣቴን መቀስ ነክቶኝ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደጅ ወጥቼ የአውቶቡሱን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሽመላዎቹ ተመልሰዋል፤ ጣሪያው ላይ ምንቃራቸውን ሲያንኳኩ ይውላሉ። አያትሽ፣ "ሱሪህ ውስጥ ቁንጫ ገባ እንዴ?" ትለኛለች። "ቁንጫ ቢሆን ተገኝቶ ይገደል ነበር" እላታለሁ።

ጥፋቱ ያንቺ ነው። "ለፋሲካ ልምጣ ልቅር አልወሰንኩም" ብለሽ ጻፍሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ይጻፋል? ወይ እመጣለሁ በይ፣ ወይ አልመጣም በይ!

ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ እሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ልጆቹን ወረቀት ቆረጣ ማስተማሬን ታውቂያለሽ። ግድግዳው ለፋሲካ ኖራ ተቀብቷል፤ የአምናው የወረቀት ጌጥ ተልጦ ተጥሏል፤ ዘንድሮ አዲሱን የሚለጥፉት እነሱ ናቸው። ሌሉያ አስጀመርኳቸው፤ ያንን አናቱ ላይ ሁለት አውራ ዶሮዎች የሚፋጠጡበትን ዛፍ። የበግ መሸለቻ መቀሴን ሳወጣ ክሳቬሪ የሚባለው ልጅ፣ "አባባ፣ ሊሸልቱን ነው?" ብሎ ጠረጴዛ ስር ገባ። "አንተን ሸልቼ ካልሲ እንኳ አይወጣኝም" አልኩት። እርሳስ ሲጠይቁኝ፣ "እርሳስ የፈሪ ነው! ወረቀቱን እንጂ መቀሱን አታዙሩ። ምላሳችሁንም አውጡ፤ ምላስ ካልወጣ መቀስ አይሄድም" አልኳቸው። ቄሱ በመስኮት ሲያዩ ልጆቹ ሁሉ ምላሳቸውን አውጥተው ጠበቋቸው።

ወረቀቱን አጥፎ በክፍቱ ጎን መቁረጥ ሲገባው፣ በእጥፉ በኩል ቆርጦ ለሁለት የሚከፍለው ሰው በመንደራችን ምን እንደሚባል ትዝ ይልሻል። "ዶሮዎቹን አፋታ" ይባላል። አንቺ ልጅ ሳለሽ ስንቱን ትዳር እንዳፈረስሽ! እያለቀስሽ በሙጫ ልታስታርቂያቸው ትሞክሪ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ አፋታሁ። ሁሉም አፍጥጠው እያዩኝ፣ ወረቀቱን ልዘረጋ ስል ለሁለት ተከፍሎ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ሉትካ የምትባለው ምላሰኛ፣ "አባባ አፋቷቸው!" ብላ ስትጮኽ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ሆን ብዬ ነው፤ ስህተት ምን እንደሚመስል እንድታዩ ነው" አልኩ። አመኑኝ። ሉትካ ግን አላመነችም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀርታ አዲስ ወረቀት አጠፈች፤ ጣቴን ይዛ እጥፉ ላይ አስቀመጠችና፣ "እዚህ ጋ ነው፣ አባባ" አለችኝ፤ በቀስታ፣ ማንም ሳይሰማ። ምላሰኛ ያልኳትን አንስቻለሁ።

የአዳራሹ አምፖል ነው ጉዱ። ደካማ ነው ብዬ ለወይዘሮ አፖሎንያ ነገርኳት፤ አዲስ አስገባች። አዲሱም ደካማ ሆነ። የዘንድሮ አምፖል ረብ የለውም። የቤታችንም እንደዚያው ነው።

አፖሎንያ አዳራሹን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች፣ ከፋሲካ በኋላ የሚያስተምር ከሌለ ቅዳሜን ለጠረጴዛ ቴኒስ እሰጣለሁ ብላለች። እኔ ዓሣ ላጠምድ ነው ብያታለሁ፤ ደክሞኛል። ልጆቹ ግን ገና ዛፉን ነው የያዙት፤ ላባውን አላወቁትም፤ አሁን ከተተዉ እጃቸው ይረሳዋል። "ዋርሶ አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ በዶሮ ማፋታት የሚስተካከላት የለም" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ "መቼ ነው የምትመጣው?" እያሉ ነፍሴን አወጡት። ነይ አላልኩሽም። የጠየቁት እነሱ ናቸው።

ፖስታው ውስጥ ግማሹን ዛፍ ከአንዱ ዶሮ ጋር ታገኛለሽ። ሌላውን መስኮቱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ የሚፋጠጠው አጥቶ ባዶ ግድግዳ ያያል። በመጽሐፍ መሃል አድርገሽ፣ ሳይታጠፍ፣ በእጅሽ አምጪው። የዱቄት ሙጫው አንቺ ስትመጪ ይፈላል።

እመቤታችን በመንገድሽም በመኝታሽም ትጠብቅሽ። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም።

የሚወድሽና የሚያበሽቅሽ፣
አያትሽ

ይህቺን የምጨምረው እሱ ወደ ደጅ ከወጣ በኋላ ነው። ጣቱን ምንም አልነካውም፤ አምፖሎቹም ደህና ናቸው። ልጄ፣ ቶሎ ነይ።
ሴቷ አያትሽ