አጋድሜ ያየሁት ስልክ

አዳማ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለኤቢሴ፣

እንደምን ከርመሻል? የጀርመን ብርድ ከጀመረ ያን ወፍራም ካፖርት አውጥተሽ ልበሺ፤ ላቦራቶሪው ይሞቃል እያልሽ በሹራብ ብቻ አትውጪ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ኤቢሴ ለምን ጠፋች ስትለኝ "ሥራ በዝቶባት ነው" አልኳት። ዋሸሁ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ስለ ሁለት ዓመቱ የሥራ ውል ለጻፍሽልኝም መልስ አልሰጠሁሽም። "ጥቅምት ሳያልቅ ፈርሚ ወይም አትፈርሚ በለኝ፤ ዝም ካልከኝ ትቼው እመጣለሁ" ነበር ያልሽው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ፋዲላ ናት፣ የባልደረባሽ የዛኪር ሚስት። ከነገ ወዲያ ትበራለች። ለመውሰድ የተስማማችው የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ልጽፍ፣ እሷም ልታነበው ነው። አሁን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ብዕሬን እየጠበቀች ነው። በስልክማ ቢሆን ድምፅሽን ስሰማ ወደ ሌላ ወሬ እንደምሸሽ ታውቂያለሽ።

ዛኪርን አልወደድኩትም። የደራ ልጅ አገኘሁ ያልሽኝ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ የአገር ልጅ መቼም ይጠቅማል። ከዚያ ግን "ዛኪር እንዲህ አለ፣ ዛኪር እንዲህ አሳየኝ" በዛ። ስለ ሥራሽ ስታስረጂኝ እንኳ መሀላችን ነው። ብርጭቆ ላይ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ ምሰሶዎች ታቆማላችሁ፣ ያ ምስር የምታክል ጠፍጣፋ ነገር ሌንስ ትሆናለች፣ ብርሃኑ ወደ የት እየተወዛወዘ እንደመጣ ለይታ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ ትልካለች። ምሰሶዎቹ ወደ የት እንደሚዞሩ ማነው የሚያሰላው ብዬ ጠየቅኩሽ። "እኔና ዛኪር" አልሽ። ሌላ ማን ይሆናል!

አንድ ቀን ደግሞ የሱቃችንን ፖላራይዝድ መነጽር አነሳሽብኝ። "ያንተ መነጽር እኮ ታጠቄ አንዱን ብርሃን ያሳልፍና ሌላውን ይጥላል። የኛ ሁለቱንም ይይዛል፤ ያውም ስልክ ውስጥ በምትገባ ካሜራ።" የኛ አልሽ። አሥራ ሁለት ዓመት "የኛ" ስትይ እኔና አንቺ ነበርን። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ጥቅምት 7 መጣ። ቀትር ላይ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ደወልሽ። "ሠራ! ሌንሱ ሠራ! ስልኩን አጋድመው፣ በሰፊው ላሳይህ" አልሽኝ። አጋደምኩት። ድርግም ብሎ ጨለመ። ድምፅሽ ግን ይሰማኛል፤ "ያዘው፣ ያዘው ዛኪር!" ትያለሽ፣ እሱ ይስቃል፣ አንቺም ትስቂያለሽ። ካሜራውን በእጅሽ የከደንሽው መሰለኝ። ባልሽ የማያየው ምን ነገር ነው ብዬ ዘጋሁት።

የሚስታቸውን ስልክ በሚበረብሩ ወንዶች ስንቴ ስቄያለሁ። ለካ ሳይደርስብኝ ነው። ያየሁትን ጥቁር ነገር በየሰዓቱ በሐሳቤ እየሞላሁት ሦስት ቀን ከረምኩና የፋዲላን ቁጥር አፈላልጌ ደወልኩላት። "እህቴ፣ ባልሽን ጠብቂ" አልኳት። አዎ፣ ይህን አድርጌአለሁ። ቪዛዋ ወጥቶላት ሻንጣዋን እየሸከፈች ያለች ሴት ናት።

ትናንት በሚኒባስ ከደራ መጣች። ሱቁ ሞልቶ ነበር፤ ሰውም አልታያት።

"ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ያየኸውን አሳየኝ። እኔ ትዳሬን በወሬ አላፈርስም።"

"ካሜራውን ከደነችው እኮ! ስልኩን ገና ሳጋድመው ጨለመ።"

"እንዴት አድርገህ? አድርገህ አሳየኝ።"

ያንቺን ፎቶ ከፍቼ ስልኩን አጋደምኩት። ጨለመ። "ይኸው! ልክ እንዲህ!" አልኩና አፌ ላይ ቀረ፤ ፎቶ መቼም ካሜራ አይከድንም። ፋዲላ እጇን ሰደደችና መነጽሬን ከዓይኔ ላይ አወለቀችው። ስልኩ በርቷል፣ አንቺም እየሳቅሽ ነው። ጥቅምት 7ም ይኸው መነጽር ዓይኔ ላይ ነበር።

ኤቢሴ፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይህንኑ የማሳይ ሰው ነኝ እኮ! ደንበኛ "ኦሪጅናል ነው?" ሲለኝ መነጽሩን አስደርጌ ስልኬን አጋድምለታለሁ፤ "ጨለመልህ አይደል? ተራ ቢሆን አይጨልምም" ብዬ ነው የምሸጠው። ደንበኞቹ ሳቁብኝ። ፋዲላም ሳቀች፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችኝ። ስድቡን ጻፍ አላለችኝም። እዚያው ለዛኪር ደወለች፤ "ያዘው" ያልሽው ሌንሷ ከጉጠቱ ልታመልጥ ስትል እንደሆነ ከራሱ አፍ ሰማሁ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ እሱም አናደደኝ።

አንቺንም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አምላክ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ በደህና ያገናኘን።

ባለቤትሽ ታጠቅ

ፋዲላ እስከዚህ አንብባ "ይበቃል" ብላ አክስቷ ቤት ሄዳለች። ፖስታውን ማታ መጥታ ትወስዳለች፤ ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ብቻ ነው።

የውጭ ትምህርት ዕድሉ የመጣ ጊዜ እማዬ ስለታመመች ለፈተናው አልተቀመጥኩም ብዬሽ ነበር። አልቅሰሽልኛል። ተቀምጫለሁ፣ ኤቢሴ። ስምሽን ያየሁበት ዝርዝር ላይ የኔን ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት። አብረን ፊዚክስ ተምረን አንቺ ብርሃን ታዞሪያለሽ፣ እኔ መነጽር እሸጣለሁ። ዛኪር ባይኖር ሌላ ሰው እፈልግልሽ ነበር። የቀናሁት ባንቺ ነው፤ ያውም እንደ ባል ሳይሆን እንደ ወደቀ ተፈታኝ።

ትናንት እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ልደውልልሽ ስልኬን ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ዝም ካልኩ ሁሉንም ትተሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። እንድትተዪው ፈልጌ ነበር።

ፈርሚ።