የኋላ በር ሰልፍ

ጥቅምት 4

ዛሬም የሠራተኛ ማኅበራችን ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።

ሃያ ሦስት ሰው፣ ግማሹ እያዛጋ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና ቃለ ጉባኤው ላይ «ለሌላ ቀን ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ... ለስንተኛ ጊዜ? የልብስ ፋብሪካው አምስት መቶ ሠራተኛ አለው፤ የማኅበሩ አባላት ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት። በወሩ መጨረሻ ዘጠኙ ጡረታ ይወጣሉ። ከግማሽ በታች ስንወርድ ድርጅቱ ለድርድር አይቀመጥም። አለቀ።

ደንቡን አሻሽለን በኤጀንሲ የተቀጠሩ ሠራተኞችም አባል እንዲሆኑ ከፈቀድን አራት ዓመት ሆነ። አንድም አልተመዘገበም። ሊቀመንበራችን «አይፈልጉማ» ይላሉ።

ጥቅምት 6

ታናሽ እህቴ ማሸጊያ ክፍል ናት፣ በኤጀንሲ። ምሳ ላይ ያዝኳት።

«ለምን አትመጡም? ማስታወቂያው ‹ለመላው ሠራተኛ› ነው የሚለው።»

«የቱ ማስታወቂያ?»

«የፊት በር ላይ ያለው ነዋ!»

ሳቋን ለቀቀችው። «እትዬ፣ እኛ እኮ በኋላ በር ነው የምንገባው! ስብሰባው የቋሚዎች ብቻ መስሎኝ።»

አራት ዓመት። በእጄ እየጻፍኩ፣ በእጄ እየለጠፍኩ...

ጥቅምት 7

ከሥራ በኋላ የኋላውን በር አየሁ። የፍተሻ ሰልፍ። ቦርሳ ይገለበጣል፣ ጫማ ይወልቃል። አርባ ደቂቃ። እኛን ቋሚዎቹን የፊት በር ጠባቂው ሰላምታ ሰጥቶ ነው የሚሸኘን።

«ማኅበሯ መጣች! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ አንዱ ጫኝ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ፍተሻውን ታስቀሩልናላችሁ?» አለች ሌላዋ።

ለድርጅቱ ባዘጋጀነው የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ፍተሻ የሚል የለም። የካፌ ወንበር አለ።

ግን ልቤ ይዘላል። ሁለት መቶ ሰው፣ በየቀኑ፣ አንድ ቦታ ቆሞ! እኛ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ሰው እንለምናለን!

ጥቅምት 8

«ስብሰባውን የኋላ በር ሰልፉ ላይ እናድርገው» አልኳቸው።

«ስብሰባ በቁም? ማኅበር ነን የዳቦ ሰልፍ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጋሼ፣ ሰው ያለው እዚያ ነው።»

«ቋሚዎቹ ያኮርፋሉ።»

«ያኩርፉ!»

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

«በዚያ ላይ ወገቤ አርባ ደቂቃ አያቆመኝም» ብለው በሩን ዘጉ።

ጥቅምት 12

ሰልፉ ላይ አርባ አንድ ሰው ተመዘገበ። እስክሪብቶ አለቀብኝ! የመጀመሪያውን ጥያቄም እዚያው ጻፉት፦ ፍተሻው በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ወይ ለሁሉም ይሁን።

ጥቅምት 15

ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። የአባልነት ቅጽ አልቆብን መቶ እያስባዛሁ። ማሽኑ ያቃስታል...

እህቴ ደወለች። ጆሮዬን ልታደነቁረው ነው።

«እትዬ፣ የት ነሽ? ቋሚዎቹም ‹እኛም እንፈተሽ› ብለው በኋላ በር እየወጡ ነው! ፈታሾቹ ግራ ገብቷቸዋል። ጋሼም ሰልፍ ይዘዋል፣ ቦርሳቸውን ከፍተው!»

«ወገባቸውስ?»

«ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ሰልፉ ሲሄድ እንገፋቸዋለን። ቅጽ አምጪ እያሉ ነው!»

ባለ ማሽኑ «ስልሳ ይቀራል፣ ትንሽ ጠብቂ» ይለኛል።

አርባው ይበቃል። ወጣሁ።