ከገጽ አርባ ሁለት የወጣው መስመር

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? እናታችንስ፣ ዓይኗ ትንሽ ተሻላት ወይስ አሁንም ሰው የምትለየው በድምፅ ነው? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ግን ደህና አይደለም።

ልጅሽ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን በአንድ ጥያቄ እንደወደቀች የጻፍሽልኝ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። "ጋሼ ይፍረደኝ፤ የፀሐይ እምብርት ዐሥራ አምስት ሚሊዮን ዲግሪ ነው ብዬ ብጽፍ፣ አምስት ሺህ አምስት መቶ ነው ብለው ኤክስ አደረጉብኝ" ብላለች አልሽኝ። ልጅቷ ልክ ናት።

ለምን እንደሆነም ንገሪያት፤ ሽምደዳ አይደለም። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ታስታውሻለሽ? አየር ሲታመቅ ይግላል። ፀሐይም ምድርን ከሦስት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ የምትከብድ የጋዝ ክምር ናት፤ ያ ሁሉ ክብደት ወደ መሀል ተጭኖ ነው እምብርቷን ያጋለው። እዚያ የሃይድሮጅን አስኳሎች ተዋሕደው ሂልየም ይሆናሉ፤ ሲዋሐዱ ከክብደታቸው ጥቂት ይጎድላል፣ የጎደለውም ጉልበት ይሆናል። ይህ ጉልበት ከውስጥ እየገፋ ክብደቱን ባይመክት ኖሮ ፀሐይ በራሷ ላይ በተደረመሰች ነበር። እንጨት የለ፣ ከሰል የለ። ሙቀቱ ወደ ውጭ ለመውጣት ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል፤ አምስት ሺህ አምስት መቶ የሚሆነው ገጿ ላይ ሲደርስ ነው።

ይህን ሁሉ ለፈተና ቢሮው ጻፍኩ። ደንቆሮ አልኳቸው፣ ሰነፍ አልኳቸው፣ የቀረኝ ስድብ የለም። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አብሮኝ ካውያ የሚይዘው ሽማግሌ፣ "አንተ ፕሮፌሰር፣ ፀሐይዋን ተዋትና ሸሚዙን አድን፤ ኮሌታው ሊነድ ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት መልሳቸው መጣ። መልሱን የወሰድነው ከመማሪያ መጽሐፉ ገጽ አርባ ሁለት ነው ብለው የገጹን ፎቶ አያይዘዋል።

ያን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ የአዘጋጅ ኮሚቴው ስም ብቻ ስላለ እናንተ አታውቁም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤቱ ደውሎ ገጹ አንድ መስመር ተርፎታል አለኝ። ከአርታኢው ጋር ስለ አንድ ሥዕል ተጣልቼ ደሜ ፈልቶ ነበር። "የሦስተኛውን አንቀጽ መካከለኛ መስመር አውጣው" ብዬ ስልኩን በደዋዩ ጆሮ ላይ ዘጋሁበት። የወጣው መስመር "ዐሥራ አምስት ሚሊዮን ዲግሪ ነው፤ የላይኛው ገጿ ሙቀት ግን" የሚል ነበር። ከላይ "የፀሐይ እምብርት ሙቀት"፣ ከታች "አምስት ሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ነው" ቀረ። ታትሞ ሲመጣ ገልጬ አላየሁትም። እኔ! አስተማሪ ሳለሁ በአንድ ነጥብ ስህተት ስንቱን ተማሪ ያስለቀስኩት!

ዛሬ ጠዋት ደውዬ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና፣ "ጌታዬ፣ የቅሬታው ጊዜ አልፏል፤ መጽሐፉ እስኪታረም ድረስ መልሱ ያው ነው" አለችኝ። የሚደገም ፈተና እንደሌለ አንቺም ጽፈሽልኛል። ከእንግዲህ የማንኳኳው በር አይታየኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ዐሥራ አምስት ሚሊዮኑንም ያወቀችው እኔ በላክሁላት ደብዳቤ መሆኑ ነው። መጽሐፉን ትታ እኔን አመነች።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ደረቱን ከብርድ ይጠብቅ በይው። ትንሹን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ለትልቋ ግን ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም። ይህን ደብዳቤ አንቺ አታንብቢላት፤ እጇ ላይ ስጫት።

ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ነሐሴ 3 ቀን