ከአሮጌው የዓሣ ፋብሪካ ጀርባ

ውድ ወንድሜ፣ የተከበርክ የመርከብ መምህር ዌንደል፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ያለህበት ደግሞ ከመስኮቴ ይታየኛል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያ ሕንፃ የሚያህል ነጭ መርከብህ ወደባችን ላይ ይገተርና ተራራውን ጋርዶ፣ ወጥ ቤቴን አጨልሞ ይውላል። አንተ ውስጡ ነህ። ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሆንክ አላውቅም፤ ብቻ ከአንዱ ፎቅ ላይ ማይክሮፎን ጨብጠህ ስለ ሄሮን ቤይ ሕዝብ አኗኗር ታስተምራለህ። የሄሮን ቤይ ሕዝብ የሆንኩት እኔ ደግሞ እታች ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ በጭስ የደረቀ የሳልሞን ዓሣ እሸጣለሁ። በመካከላችን ያለው አንድ መሰላል ነው። በዚህ በጋ (በጋ የምንለው ዝናቡ ትንሽ ሞቅ የሚልበትን ጊዜ መሆኑን አልረሳህም መቼም) በዚያ መሰላል አንድም ቀን ስትወርድ አላየሁህም።

የትምህርትህን ርዕስ ሰምቻለሁ። «የአገሬው ሰው ምክር ለመንገደኞች» ነው አሉኝ። አገሬው ሰው አንተ መሆንህ ነው። መልካም። አገሬው ሰው ሲያትል ቤት ተከራይቶ ሲኖር፣ ለእናቱ ቀብር በቆዳ ጫማ መጥቶ ጭቃ ሲውጠው፣ እንባው ሳይደርቅ በአውሮፕላን ሲመለስ አይቻለሁና በዚህ አልከራከርህም። ግን ምክርህ ከመርከብ ወርዶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የነገረህ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ለምሳሌ ሄሮን ቤይ ውስጥ በር አይቆለፍም ብለሃቸዋል። እውነት ነው፣ አይቆለፍም። አንድ ሐሙስ ባል፣ ሚስትና አማት ሆነው የአጎት ሌስተርን በር ገፍተው ገቡ። ሙዚየም መስሏቸው ነው። አጎት ሌስተር በውስጥ ሱሪያቸው ተቀምጠው የዓሣ ሾርባቸውን ፉት ይላሉ። ምን ያድርጉ፣ ፉት ማለታቸውን ቀጠሉ። እንግዶቹ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሷቸው። ከዚያ ሚስትየው ቀስ ብላ ባሏን «እውነተኛ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ባልየው የአጎትን ትከሻ በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና «ይሞቃል» አላት። አጎት ሌስተር ነገሩን ሲያወሩኝ አልተቆጡም። ሲወጡ በሩን ዘግተው መውጣታቸውን አመስግነው፣ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሱሪ መልበስ መጀመራቸውን ነገሩኝ።

ቁራ ስታዩ ሰላም በሉ ብለሃልም አሉ። እኛ በእናታችን በኩል የቁራ ጎሳ ነንና ክብሩ ይገባናል። ነገር ግን መርከብህ ያደላቸውን ሰማያዊ የዝናብ ላስቲክ የለበሱ ጎልማሶች ቆሻሻ ገንዳ ላይ ላረፈ ቁራ ተራ በተራ እጅ ሲነሱ እያየሁ ነው የምውለው። ቁራዎቹ ጠግበዋል። እኔ ሳልፍ ዞር ብለው እንኳን አያዩኝም።

ይህን ሁሉ ችዬሃለሁ። ያለፈውን ሐሙስ ግን አልችልልህም።

ማይክሮፎኑ አስረስቶህ እንደሆነ ላስታውስህ። የእማዬ ሙት ዓመት በጥቅምት ነው። እማዬን በወጋችን መሠረት የቀበሩልን የአባታችን ወገኖች፣ የንስር ጎሳዎቹ ናቸው። አጎት ሌስተር ሳጥኗን በእጃቸው ሠሩ፤ ልጆቻቸው በዚያ ዝናብ ጉድጓዱን ቆፈሩ። ያን ቀን እኛ እንድናለቅስ ብቻ ተውን። አሁን ተራው የእኛ ነው። አስቀምጠን ልናበላቸው፣ በመጨረሻም የእማዬን የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን በብሉቤሪ፣ በዚያ በጫካ ፍሬ፣ ሞልተን ከፊታቸው ልናቀርብ ነው። ብሉቤሪውን የሚለቅመው ቤተሰቡ ነው። ያለዚያ ሳህን ዕዳችን አልተከፈለም፣ እናታችንም አልተሸኘችም። ይህንን ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ፤ ምናልባት በፊልም አስደግፈህም ታስተምረው ይሆናል።

እና ያለፈው ሐሙስ ድንኳኔ ውስጥ እንዳለሁ አንዲት ሴትዮ መጣች። ደርባባ፣ ፈገግታዋ የማያልቅ ሴት ናት። ጥርሷ፣ ከንፈሯ፣ አገጯ ቀለም የጠጣች ይመስል ሐምራዊ ሆኗል። በመርከቡ የበረዶ ባልዲ ሙሉ ብሉቤሪ ታቅፋለች። እንዳይበላሽባት ምን ማድረግ እንዳለባት ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ጨዋ ሆንኩ። ፍሬው ማማሩን ነገርኳትና ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

«ከአሮጌው የዓሣ ፋብሪካ ጀርባ» አለችኝ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። «አስተማሪያችን ነው የነገረን። የአገሬው ሰዎች ብሉቤሪ የት ነው ሲባሉ ሁልጊዜ እዚያ ነው ይላሉ ብሎን፣ እኛም ሄድንና ይኸው!»

«ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ?»

«ኧረ ሁሉም ሰው እዚያ ነው፣ የኔ እመቤት። አንቺ ምነው ቀረሽ?»

ድንኳኑን ሳልዘጋ ሄድኩ። ሳልሞኑን ቁራ ይብላው ብዬ ሄድኩ። ከፋብሪካው ጀርባ ስደርስ፣ ወንድሜ፣ ቁልቁለቱ በሙሉ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሷል። በባርኔጣ የሚለቅም አለ፣ በሻወር ቆብ የሚለቅም አለ፣ ካልሲውን አውልቆ ካልሲው ውስጥ የሚያጠራቅም አለ። ቅርንጫፉን ገንጥለው ተቀምጠው እንደ በቆሎ የሚግጡም ነበሩ። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ጉቶ ላይ አርፏል። አይቶኝ አዘነልኝ መሰለኝ።

«አረፈድሽ እኮ እናቴ፤ አለቀ» አለኝና ከመዳፉ ሦስት ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ።

የገዛ እናቴን ብሉቤሪ በምጽዋት ተቀበልኩ። አመስግኜም በላሁት።

አሁን አንተን እሰማሃለሁ። እዚያ ፎቅህ ላይ ሆነህ ደብዳቤውን አውርደህ «ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ ኤልቪና! እኔ እኮ የነገርኳቸው ውሸቱን ነው!» ትላለህ። አዎ። ውሸቱን ነው የነገርካቸው። ያበገነኝም ይኸው ነው፤ ክደኸን ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ደህና አድርገህ እንዳደግከው ነው የሠራኸው። እዚህ አገር ሰው ገንዘቡን ያበድራል፣ ጀልባውን ያውሳል፣ መኪናውን ከነቁልፉ ጥሎ ያድራል፤ ብሉቤሪ የሚለቅምበትን ቦታ ግን ለነፍስ አባቱም አይናገርም። የት ለቀምክ ያሉት ሁሉ «ከፋብሪካው ጀርባ» ይላል። ጠያቂውም ይስቃል። ከፋብሪካው ጀርባ ከሳማና ከዛገ ቆርቆሮ በቀር ምንም እንደሌለ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃላ። አንተም ሦስት ሺህ ሰው ሲጠይቅህ ሦስት ሺህ ሰው ዋሸህ። እማዬ ብትሰማህ ኖሮ ግንባርህን ትስምህ ነበር።

ግን ስማኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ የፋብሪካው ጣሪያ ወደቀ። ከላይ ያለው ገደል ተንዶ ዛፎቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ ቁልቁለቱ ፀሐይ አየ። እማዬ ጉልበቷ ከድቷት ባሕሩን ተሻግራ ወደ ድሮው ቦታዋ መሄድ ካቃታት በኋላ፣ አንድ ቀን አሮጌ መረብ ልትጥል ወደዚያ ሄዳ፣ ጣሳ ሙሉ ብሉቤሪ ይዛ ተመለሰች። ሳቋ አላስቆም ብሏት በሩን ተደግፋ ቀረች። «ኤልቪና፣ ውሸታችን አፈራ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቷ የለቀመችው እዚያ ነው። መሐል ከተማ፣ በጠራራ ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያያት። ቆሻሻ ልትጥል ነው የምትሄደው እያሉ ያዝኑላት ነበር። ባልዲዋን ሞልታ ስትመለስ ከየት ነው ሲሏት «ከፋብሪካው ጀርባ» ትላለች፤ እነሱም ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። አንድ በጋ፣ አንድ ብቻ፣ ማዕዳችን ላይ ቁጭ ብለህ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ከአፏ ትሰማው ነበር። ስትተርከው እንዴት እንደሚያምርባት አታውቅም። ለፋሲካም ለገናም ወንበርህን ስባ እያስተካከለች «ለዌንደል ስነግረው ምን ይላል» ትል ነበር። በስልክ ንገሪው ስላት፣ ይህ በስልክ አይነገርም አለችኝ። አንተን ጠበቀች እንግዲህ። እኔም ዝም አልኩህ፤ በቀብሯ ቀን ልነግርህ ስል ታክሲህ ጥሩንባ ነፋ።

አክስት ኢርማ ካለፈው ሐሙስ በማግሥቱ መጥታ ማቀዝቀዣዬን ከፈተች። ታውቃታለህ፣ የሰው ማቀዝቀዣ ስትከፍት ፈቃድ አትጠይቅም። ዓሣ አየች፣ የአጋዘን ሥጋ አየች፣ ብሉቤሪ አላየችም። የሆነውን ስነግራት አንተን በሚመለከት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱ የተገዛው ለደህና ነገር ነው። እኔም ተስፋ ቆርጬ ከሱቅ እንግዛ ይሆን አልኳት።

«ከሱቅ?» አለችኝ። «ሌስተር ለእናትሽ ሳጥን ከሱቅ ገዛላት እንዴ?»

ዓሣውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እንደገና ፈለገች።

«ያኛውን፣ ባሕር ማዶ ያለውን ቦታዋን የሚያውቅ ማን ነው?»

«እማዬና ዌንደል» አልኳት።

የማቀዝቀዣውን በር ቀስ ብላ ዘጋችው። «እንግዲያው አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው» ብላ ወጣች።

ይኸውልህ ዌንደል፣ ሆዴን ሲበላው የኖረው። ማዶ ስትሄድ አንተን ነበር ይዛ የምትሄደው። እኔ ታላቅ ነኝ፣ ጀልባ የምነዳው እኔ ነኝ፣ ባልዲውንም የማጥበው እኔ ነኝ፤ ግን ሁለታችሁ ጠዋት ትወጡና ማታ ጣታችሁ ጠቁሮ ትመለሳላችሁ። እኔንስ ለምን አትወስጂኝም ስላት «አንቺ አፍሽ ሰፊ ነው፣ የኔ ልጅ። ዌንደል ዝምተኛ ነው» አለችኝ። ዝምተኛ! ያ ዝምተኛ ዛሬ ድምፅ ማጉያ ይዟል፤ እኔ አፈ ሰፊዋ ቦታውን ሳላውቅ አረጀሁ።

ላገኝህ ሞክሬያለሁ። በዚያው ሐሙስ ዕለት መሰላላችሁ ሥር ሄጄ፣ የአስተማሪው እህት ነኝ ብዬ ዘበኛውን ለመንኩት። ትሑት ልጅ ነው። መንገደኛ ካልሆንኩ መግባት እንደማልችል አስረድቶኝ፣ ስለ ሄሮን ቤይ ሰዎች ማወቅ ከፈለግሽ ብሎ ያንተ ፎቶ ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። በጀልባ ሬዲዮ እንዳልጠራህ ከተማው በሙሉ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ይህን ደብዳቤ ለዚያው ዘበኛ እሰጠዋለሁ። ለምላሹ ወረቀት አታውጣ። ቦታውን ጽፈህ እንዳትልክልኝ፣ ካርታም እንዳትሥል፤ ፖስታ ቤት ያለችውን ሴትዮ ታውቃታለህ።

አሁን እኔም በተራዬ፣ የአገሬው ሰው እንደመሆኔ፣ ለአንድ የመርከብ መንገደኛ ምክሬን ልስጥ።

የተከበርክ መንገደኛ ሆይ፣ ወደ ሄሮን ቤይ ስትወርድ የቆዳ ጫማ አታድርግ። ከመሰላሉ እንደወረድክ የወርቅ ሱቆቹ በር ላይ አትገተር፤ ባለቤቶቹ በመስከረም ከመርከቦቹ ጋር የሚሄዱ ናቸው፣ ካንተ በላይ አገሬው አይደሉም። የተጠለልክበትን ላስቲክ አውልቅና ዝናቡ ፊትህን አይቶ ይወቅህ፤ ማን መሆንህን ይለይህ። አጎት ሌስተር መንገድ ላይ ካገኙህ ስለ አኗኗራቸው አታስረዳቸው። ሾርባ ጠጣ ካሉህ ጠጣ። ስለ ፋብሪካው ጀርባ ከጠየቁህ ግን እውነቱን ንገራቸው። ሰውዬው እማዬን ይወዷት ነበር፤ መሳቅ አለባቸው።

ከዚያ በግራ በኩል ወደ ትንሹ የጀልባ ማቆሚያ ና። ሁለት ባልዲ ጭኛለሁ። የጎማ ቦቲህን ከጓዳ አውጥቻለሁ፤ አይጥ አንዱን ትንሽ በልታዋለች፣ ይሆንሃል። ሞተሩን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ከፊት ተቀመጥና በእጅህ ብቻ አሳየኝ። ቃል እገባልሃለሁ፣ ማዶ እስክንደርስ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ከደረስንም በኋላ ዝም እላለሁ። ከተመለስንም በኋላ ዝም እላለሁ። ለኢርማ እንኳን አልነግርም። ይህን አፍ ሰዎች ሲያሙት ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ እድሉን ስጠው።

ካልመጣህ በጥቅምት የእማዬን ሳህን ባዶውን ይዤ ንስሮቹ ፊት እቆማለሁ። ከጎኔ የሚቆም ወንድም የት ሄደ ሲሉኝ መርከብህ ትቶት የሄደውን ባዶ ወደብ ከመስኮቱ አሳያቸዋለሁ።

ከእማዬ ጋር ማዶ ስትሄዱ ማታ ነበር የምትመለሱት፤ ሁለት ባልዲ በግማሽ ቀን አይሞላም። መርከብህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ብናመሽና ጥሎህ ቢሄድ አልቸኩልልህም፤ አልጋህ ላይ የከመርኩትን መረብ ዛሬ ማታ አነሳዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሞተር አስነስታ የምትጠብቅህ፣
እህትህ ኤልቪና